ባለቤቴ በእርግዝና ክትትል ላይ ቂጥኝ ተገኘባት፤ እኔ ግን ምንም ምልክት የለብኝም

ባለባጃጅ_አዘዞ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስሜን አልጽፍም፤ ጎንደር ውስጥ ባጃጅ የሚነዳን ሰው የማያውቀው የለም። ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄዳ ደም ሰጠች። ኤች አይ ቪ የለባትም፣ የጉበት ቫይረስም የለባትም፣ ቂጥኝ ግን ተገኘባት። «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ብለው ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ያመጣችው። እራት አቅርባ፣ እኔ ገና ሳልቆርስ፣ ቋጠሮውን ፈትታ መሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችልኝ። ምንም አልተናገረችም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ከተጋባን ሦስት ዓመት አልፎናል። ከሠርጉ በፊት ሁለታችንም ተመርምረናል፤ ምርመራው ግን የኤች አይ ቪ ብቻ ነበር፣ ሌላ መኖሩንም የነገረን የለም። በሰውነቴ ላይ ቁስል የሚባል ነገር አላየሁም፤ ሲያቃጥለኝም ሆነ ሲያሳክከኝ አላውቅም። ባጃጅ ከመግዛቴ በፊት በሰሊጥ ወቅት መተማ እየወረድኩ እሠራ ነበር። እርሷም ከእኔ በፊት የራሷ ሕይወት ነበራት፤ ያንን አውቄ ነው ያገባኋት።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እርሷ ላይ ተገኝቶ እኔ ላይ ላይኖር ይችላል ወይ? ሳልታመም መርፌ የምወጋውስ ለምንድን ነው? የግድ ከሆነ ደግሞ በክኒን አይሆንም ወይ? እውነቱን ለመናገር ግን እንቅልፍ የነሳኝ «ማን ለማን አመጣው» የሚለው ነው። እናቴም ወረቀቱን አይታው መሰለኝ ፊቷ ጠቁሯል።

ጎራው፦

ወንድሜ፣ አንተ ጤነኛ ከሆንክ ምኑን ትጠይቃለህ? የተገኘው እርሷ ላይ ነው። ሽማግሌ ሰብስብና ነገሩን በጊዜ ቁረጠው።

አዋላጇ_ማራኪ፦

ጎራው፣ ሞቶ የተወለደ ሕፃን በጨርቅ ጠቅልሎ ለአባቱ ማስረከብ የእኔ ሥራ ነው። አንድ ቀን አጠገቤ ብትቆም እጅህ እንዲህ ለመጻፍ አይፈጥንም ነበር። ሽማግሌ የሚሰበሰብበት ጊዜ ይኖራል፤ ማሕፀን ውስጥ ያለው ልጅ ግን ሽማግሌ አይጠብቅም።

ባለባጃጅ፣ ወንድሜ፣ እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ያ ወረቀት የሚነግርህ በባለቤትህ ደም ውስጥ የተገኘውን ነው። የክህደት ምርመራ የሚባል ሣጥን ወረቀቱ ላይ የለም፤ እኔ በሠራሁበት ቦታ ሁሉ አይቼ አላውቅም።

ቂጥኝ የሚጀምረው በአንዲት ቁስል ነው። ብዙ ጊዜ ከግንኙነቱ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ትወጣለች፤ በዐሥረኛው ቀን ልትቀድም፣ እስከ 90ኛው ቀንም ልትዘገይ ትችላለች። ክብ ናት፣ ጠርዟ ጠንከር ይላል፣ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ አታምም። ብልት ላይ፣ ፊንጢጣ አካባቢ፣ ከንፈር ላይ ወይም አፍ ውስጥ ልትሆን ትችላለች። ሴት ላይ የማሕፀን በር ላይ ወጥታ ማንም ሳያያት ልትጠፋ ትችላለች። ምንም ሳይደረግላት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ራሷ ትድናለች። ሰውየው «ተገላገልኩ» ይላል፤ ጀርሙ ግን በደሙ ውስጥ ተሠራጭቷል።

ከሳምንታት ወይም ከጥቂት ወራት በኋላ ሽፍታ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ አያሳክክም። መዳፍ ላይና የውስጥ እግር ላይ የወጣ ሽፍታ ስናይ እኛ ወዲያው ቂጥኝን እንጠረጥራለን። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የንፍፊት እብጠት፣ እዚህም እዚያም የፀጉር መመለጥ አብሮ ሊኖር ይችላል። መተማ የከረመ ሰው ይህን ሁሉ «ወባ ነው፣ ሙቀት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እርሱም ይጠፋል። ቀጥሎ ያለው ዘመን ዝም ያለ ነው፤ ለዓመታት፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ዕድሜ ልክ። ካልታከሙት ሰዎች ከፊሎቹ ላይ ከዐሥር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ልብና ትልቁን የደም ሥር፣ አንጎልን፣ አጥንትን ይጎዳል። አንጎል፣ ዓይንና ጆሮ ግን ያን ያህል ላይጠብቅም ይችላል፤ በየትኛውም ደረጃ ሊነካቸው ይችላል።

ስለዚህ «ምልክት የለብኝም» ስትለኝ ምንም አልነገርከኝም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከሠርጉ በፊት ይዛችሁት መጥታችሁ ሊሆን ይችላል። ማን፣ መቼ፣ ከየት የሚለውን እኔም አላውቅም፤ ምርመራውም አያውቅም። ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የጥንቱ_ጎንደሬ፦

ልጆቼ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ይህን ዓለም የማነበው የልጅ ልጄ እያሳየኝ ነው። በእኛ ጊዜ ጨብጥም ሆነ ቂጥኝ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ የሸና፣ ውሻ በሸናበት የሸና፣ ጨረቃን ፊት ለፊት እያየ የሸና ይይዘዋል ይባል ነበር። የመተማን ድንጋይ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እንቁላል ያበስላል። ልጁን በሚስቱ ፊት አታሳጡት። ሐኪሞቹስ ሁሉን ያውቃሉ?

ተማሪው_ከግቢ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ልመልስልዎት። ይህች ከተማ ደንቢያን የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ባለፈ ማግሥት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት የጤና መኮንን ስታስመርቅ የኖረች ከተማ ናት። አሁንም ስለ ውሻ ሽንት ብናወራ ያስቀይማል።

የቂጥኝን ጀርም ፍሪትዝ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን የተባሉ ጀርመናውያን በዚያው አቆጣጠር በ1905 ነው በማይክሮስኮፕ ያገኙት። ትሬፖኔማ ፓሊደም ይባላል፤ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ቀጭን ባክቴሪያ ነው። ከሰው አካል ውጭ አቅም የለውም፤ ድርቀትና ሙቀት ቶሎ ይገድሉታል። እንዲያውም የመተማ ድንጋይ ቢያገኘው የሚሞተው እርሱ ነው። በመጸዳጃ ቤት መቀመጫ፣ በልብስ፣ በአንድ መሶብ በመብላት፣ በጋራ ዋንጫ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በሴት ብልት፣ በፊንጢጣም ሆነ በአፍ በሚደረግ ግንኙነት ከቁስሉ ጋር በመነካካት ነው፤ ከእናት ወደ ፅንስም በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል። ቁስል የተከፈተ በር ስለሆነ ኤች አይ ቪ ለመቀበልም ሆነ ለማስተላለፍ ያመቻል።

«ሐኪሞቹስ ሁሉን ያውቃሉ?» ያሉት ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ አላባማ ግዛት ተስኪጊ በሚባል ቦታ፣ በዚያው አቆጣጠር ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 399 ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶች ሆን ተብሎ ሳይታከሙ በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው እየታየ ተመዝግቧል። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ከ1943 ጀምሮ ታውቆ ነበር፤ ለእነርሱ ግን ተከለከለ። ሚስቶቻቸው ተይዘዋል፣ ልጆቻቸውም ከነበሽታው ተወልደዋል። ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው። ሐኪምን መጠየቅና መጠራጠር መብት ነው እላለሁ። እነዚያ ሰዎች የተነፈጉት መድኃኒት ግን ዛሬ ለዚህ ወንድማችን «ና ውሰድ» እየተባለ ነው።

የጥንቱ_ጎንደሬ፦

ስለ ድንጋዩ ተሸንፌያለሁ። ስለ ጨረቃዋ ግን አስብበታለሁ።

የላብራቶሪ_ሰው፦

አዋላጇ ያለችው ልክ ነው፤ ግን ከጥያቄዎቹ አንዱ ሳይመለስ አልፏል። «እርሷ ላይ ተገኝቶ እኔ ላይ ላይኖር ይችላል ወይ?» ለሚለው መልሱ አዎ፣ ይችላል ነው። በሽታው ከአንድ ሰው ወደ ሌላው በግንኙነት በደንብ የሚተላለፈው ቁስሉና ሽፍታው ባለባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። ዓመታት ካለፉት በኋላ ለትዳር ጓደኛ የመተላለፉ ዕድል በጣም ይቀንሳል። ወደ ፅንስ ግን ከዚያም በኋላ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሚስት ፖዘቲቭ ሆና ባል ነጻ የሚሆንበት፣ ባልም ፖዘቲቭ ሆኖ ሚስት ነጻ የምትሆንበት ትዳር አለ። ጎራው፣ ይህም ቢሆን የአንተን ፍርድ አይደግፍም፤ ነጻ መሆን የዳኝነት ወንበር አይሰጥም።

ስለ ምርመራው ትንሽ ልበል፤ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚምታታው። በክትትል ጊዜ የጣት ደም ተወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ የሚታወቀው አፋጣኝ ምርመራ፣ ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት ያመረተውን ነገር ነው የሚፈልገው። ያ ነገር ሰው ከታከመም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ከደሙ አይጠፋም። ከዓመታት በፊት ታክማ የዳነች ሴትም ዛሬ ብትመረመር በመመርመሪያው ላይ ፖዘቲቭ የምትለው መስመር ልትወጣባት ትችላለች። ሁለተኛው ቪዲአርኤል ወይም አርፒአር የሚባለው ነው፤ ይህ በቁጥር ይወጣል፦ 1 ለ 4፣ 1 ለ 16፣ 1 ለ 32 እየተባለ። ደሙን በእጥፍ በእጥፍ እያቀጠንን እስከ ስንተኛው ድረስ እንደሚታይ እንቆጥራለን። ከሕክምና በኋላ ይህ ቁጥር መውረድ አለበት፤ ለምሳሌ 32 የነበረው በወራት ውስጥ 8 ወይም ከዚያ በታች ከደረሰ መድኃኒቱ ሠርቷል እንላለን። መልሶ ካሻቀበ እንደገና ተይዟል ብለን እንጠረጥራለን። ይህኛው ምርመራ ደግሞ በወባ፣ በሌሎች ሕመሞች፣ አንዳንዴም በእርግዝናው ምክንያት ብቻ በሐሰት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሁለቱ አንድ ላይ የሚነበቡት።

ነፍሰ ጡር ላይ ግን ሁለተኛው ውጤት እስኪመጣ ተብሎ የመጀመሪያው መርፌ አይዘገይም። በሌለ በሽታ አንድ መርፌ መወጋት የሚያስከትለው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ያለ በሽታን መጠበቅ ግን ልጁን ያሳጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ቂጥኝ ከነበረባቸው 1.1 ሚሊዮን ነፍሰ ጡሮች መካከል ከ390,000 በላይ በሚሆኑት እርግዝናዎች ላይ ጉዳት ደርሷል፤ ሞቶ መወለድ፣ ያለ ጊዜው መወለድ፣ በተወለዱ በቀናት ውስጥ መሞት፣ ከበሽታው ጋር መወለድ።

ፋርማሲስት_አራዳ፦

ስለ ክኒኑ እኔ ልመልስ፤ በየቀኑ መስኮቴ ላይ የማየው ነገር ነው። ወንዱ ግራና ቀኝ አይቶ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ፣ ጎንበስ ብሎ «ያንን መድኃኒት» ይላል። የትኛውን? «ያንን የምታውቀውን።»

ዶክሲሳይክሊን የሚባል ክኒን ፔኒሲሊን የማይስማማቸውና ነፍሰ ጡር ያልሆኑ ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ ለሁለት ሳምንት፣ በሽታው የቆየ ከሆነ ለአራት ሳምንት ይወስዱታል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እርሷን አክሞ እንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱንም እንደሚያክም የተረጋገጠው ፔኒሲሊን ብቻ ነው። እርሱም በመርፌ የሚሰጠው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ የልብ ሕመምተኞች በየወሩ የሚወጉት ያ ነጭ ወፍራም መድኃኒት። ለቂጥኝ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት በአንድ ጊዜ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ በቀኝና በግራ መቀመጫ። የተያዘበት ጊዜ ዓመት ያልሞላው መሆኑ ከታወቀ አንድ ዙር ይበቃል። ዓመት ያለፈው ወይም መቼ እንደጀመረ የማይታወቅ ከሆነ በየሳምንቱ ሦስት ዙር ነው። የባለቤትህ የማይታወቅ ስለሆነ ሦስቱን ያዝዙላታል ብዬ እገምታለሁ።

ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ተወግታ ሰውነቷ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠራት ከሆነ ሳይወጓት በፊት ትናገር። እንዲህ ዓይነት ነፍሰ ጡር ሆስፒታል ገብታ፣ በባለሙያ እየተጠበቀች፣ ሰውነቷ ፔኒሲሊኑን ቀስ በቀስ እንዲለምድ ተደርጎ ትታከማለች። ሌሎቻችሁም ከተወጋችሁ በኋላ ወዲያው ወደ ገበያ አትሩጡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀመጡ።

እኔ ያለ ማዘዣ ለመጣ ሰው አልሸጥም። የሚሸጥ ሰው ካገኛችሁም አትግዙ፤ የተሳሳተ መድኃኒት በግማሽ መጠን ወስዶ ቁስሉ ሲጠፋ «ዳንኩ» የሚል ሰው በሽታውን ቤቱ ይዞ ይገባል።

ወለላ_ቁስቋም፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አሁን ግን ልጻፍ። እኔ ላይ የተገኘው በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ነው። እኔ ተወጋሁ፣ ጨረስኩ። የያኔው ባለቤቴ ግን «ወንድ ልጅ ለሴት በሽታ አይወጋም» አለ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ይዤለት መጣሁ፤ በሦስተኛው ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ የቡና ከሰል አቀጣጠለበት። ልጄ ደኅና ተወለደ። በሁለተኛው እርግዝና ስመረመር ቁጥሩ ወርዶ የነበረው ተመልሶ ወጣ። ሐኪሟ «ታክመሽ ነበር እኮ» ስትለኝ የምመልስላት ቃል አጣሁ። ሁለተኛዋ ልጄ በሰባት ወሯ ተወለደች፤ ብዙ አልቆየችም።

አማቴ «ቂጥኝ አንዴ የያዘው ሰው ሁለተኛ አይዘውም» ትለኝ ነበር። ይይዛል። አንዴ ይዞ መዳን ከሁለተኛው አያስጥልም፤ እንደገና ከተጋለጡ እንደ አዲስ ሊይዝ ይችላል። ባለባጃጅ፣ ባለቤትህ ወረቀቱን ለአንተ በማምጣቷ ብቻ ምን ያህል እንደደፈረች ታውቃለህ? ሳትነግርህ ብቻዋን ተወግታ ልትመጣ ትችል ነበር። እኔ ብሆን እንደዚያ ባደረግሁ ብዬ የማስብባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

ጎራው፦

ወለላ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አላውቅም ነበር።

ዲያቆን_ቀሃ፦

የወለላን ልጅ እግዚአብሔር በአጸደ ገነት ያኑርልን። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ስለምሰማ ልጻፍ። ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ሕመም ሲገጥመው ሐኪም ቤት መታየትን ስለሚፈራ ጠበል ቦታ ሄዶ ይከርማል። ጠበል የሚጠላ ክርስቲያን የለም፤ እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። ነገር ግን ጠበሉ መርፌውን አይከለክልም፣ መርፌውም ጠበሉን አያረክስም። ጠዋት ጠበል፣ ረፋድ ላይ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል። በጾም ወቅትም ቢሆን መርፌ ጾም አያፈርስም። ለንስሐ አባታችሁ የምትነግሩት ካለ ንገሩ፤ የሰሙትን ለማንም አያወጡም።

ከጋብቻ በፊት ምርመራ ስናስመጣ የኤች አይ ቪ ወረቀት ብቻ ነው የምንጠይቀው። እዚህ ካነበብኩት በኋላ ለሚመጡ ሙሽሮች የቂጥኙንና የጉበቱንም አብረው እንዲታዩ መንገር ጀምሬያለሁ። የሚከፋው አላጋጠመኝም፤ አንዱ ሙሽራ ብቻ «ዲያቆን፣ የስኳሩንስ?» ብሎ ቀለደብኝ።

ላጤው_ፒያሳ፦

እኔ ያላገባሁ ነኝ፤ ስለ መከላከያው የጠየቀ ስለሌለ ልጠይቅ። ኮንዶም ከተጠቀምን አበቃ? ክትባትስ የለውም?

አዋላጇ_ማራኪ፦

ክትባት የለውም። ኮንዶም በትክክልና ሁልጊዜ ከተጠቀምክበት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ግን ቁስሉ ኮንዶም የማይሸፍነው ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ብሽሽት ላይ ሊወጣ ስለሚችል ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ከአንድ በላይ ጓደኛ ያለው ሰው በየተወሰነ ወራት ደሙን ይታይ፤ ኤች አይ ቪ ሲታይ ቂጥኙንም አብሮ ይጠይቅ፣ ለሁለቱም በአንድ ጠብታ ደም የሚሠራ ምርመራ አለ። አዲስ ጓደኛ ሲኖር ከተገናኙ በኋላ ሳይሆን በፊት ሄዶ መታየት። በተጋለጡ ማግሥት መታየት ብቻውን አይበቃም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደም ላይ ላይታይ ስለሚችል ይደገማል። ብልት ላይ የወጣ የማያምም ቁስል ካየህ ደግሞ ስለማያምም ብለህ አትናቀው፤ የሚያመው ከርክር ወይም ሄርፒስ የሚባል ሌላ የአባላዘር በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የማያመው ግን ቂጥኝን ነው የሚያስጠረጥረው።

ሕክምና የጀመሩ ባልና ሚስትም ሁለቱም ጨርሰው፣ ቁስል ካለም ድኖ፣ ቢያንስ ሳምንት እስኪያልፍ ድረስ አይገናኙም። ይህን ስነግር ወንዶች ወደ ጣራው ያያሉ።

ባለባጃጅ_አዘዞ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወለላን በተለይ። ሁለታችንም አንድ ላይ ሄድን፤ በገዛ ባጃጄ ተሳፋሪ ሳልጭን ይዣት ሄድኩ። የእኔም ደም ፖዘቲቭ ሆነ። ነርሷ ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀምጣ ስትነግረን ማን ቀድሞ ያዘው የሚል ጥያቄ አልጠየቀችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ፤ ከዚያ ወረቀት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

መርፌው ግን ቀላል አይደለም። ሁለቱም ወገን ስለተወጋሁ በየትኛው በኩል ልቀመጥ? ያን ቀን ከሰዓት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ እየነዳሁ አንዲት እናት «ልጄ፣ ወንበርህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» አሉኝ። ማታ ደግሞ ሁለታችንንም ብርድ ብርድ አለን፣ ትኩሳት መጣ፤ እናቴ ደንግጣ አጥሚት ስታፈላልን አመሸች። ምን እንደሆነ ገና አልነገርናትም። ፊቷ ግን ትንሽ ፈታ ብሏል።

ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያውን የተወጋነው ጥር 4 ነው። ሁለተኛው ጥር 11 ይውላል፤ ጥምቀት። ያን ቀን ወደ ፋሲለደስ የሚወስደው መንገድ ለባጃጅ ዝግ ነው፣ ከተማው በሙሉ በሰው ይሞላል። ከበዓሉ በኋላ ረጋ ብለን ብንሄድ ምን ይጎዳል?

አዋላጇ_ማራኪ፦

ብርድ ብርድ ማለቱና ትኩሳቱ መድኃኒቱ ጀርሙን ሲገድል የሚመጣ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ይከሰታል፣ በ24 ሰዓት ገደማ ያልፋል። መድኃኒቱ አልተስማማኝም ብላችሁ እንዳታቋርጡ። ባለቤትህ ግን ሆዷ ምጥ እንደሚመስል እየቆራረጠ ከጨበጣት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ በዚያው ሌሊት ውሰዳት፤ አጥሚት አያስፈልግም።

«ረጋ ብለን» የሚባል ነገር የለም። ነፍሰ ጡር ላይ በመርፌዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ሰባት ቀን ነው። ከዘጠኝ ቀን ካለፈ ሦስቱም ከመጀመሪያው ሊጀመሩ ይችላሉ፤ በዚያ መርፌ እንደገና መጀመር የምትፈልግ አይመስለኝም። በዓል ነው ተብሎ ማዋለጃ ክፍል አይዘጋም፣ ተረኛ አለ። ከተራው ሳይደርስ ክትትል ክፍሉ ሂድና ጥር 11 ማን እንደሚወጋችሁ፣ መድኃኒቱም በተረኛ ክፍል መኖሩን ጠይቅ። ካልተመቸ ጥር 12 ጠዋት በማለዳ፣ የሚካኤል ታቦት ከመነሣቱ በፊት። ሦስተኛው የሚቆጠረው ሁለተኛውን ከተወጋችሁበት ቀን ነው።

ልጁ እስኪወለድ ገና ወራት ስላሉ ጊዜ አላችሁ፤ ሕክምናው ከወሊዱ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ካለቀ ለልጁ የሚተርፍ ነገር እንዳይኖር ትልቅ ዕድል አለው። ስትወልድ ግን የተወጋችሁበት ቀን የተጻፈበትን ካርድ ይዛችሁ ኑ። ልጁ ተወልዶ ቢያለቅስም፣ ቢጠባም፣ ደኅና ቢመስልም ደሙ ይታያል፤ ከእናቱ ቁጥር ጋር ይነጻጸራል፤ ካስፈለገ ለዐሥር ቀን ይታከማል። ካርዱን በነጠላ ጫፍ አትቋጥሩት፤ ይጠፋል።

የላብራቶሪ_ሰው፦

አንድ ነገር ልጨምር፦ የአርፒአሩን ቁጥር ዛሬውኑ ጻፉት፤ የእርሷንም የአንተንም። ከወራት በኋላ ስትመጡ የምናወዳድርበት ቁጥር ከሌለ እኔ እንደ አዲስ እጀምራለሁ፤ እናንተም እንደ አዲስ ትደነግጣላችሁ።

ባለባጃጅ_አዘዞ፦

የእርሷ 1 ለ 16፣ የእኔ 1 ለ 8። በስልኬም በወረቀትም ጽፌዋለሁ። ጥር 12 በማለዳ፤ ተረኛዋን አነጋግሬያታለሁ።